ኖይሰም ጫጫታ አይደለም፤ እኔን ጠይቁኝ

«በእንግሊዝኛ ኖይሰም (noisome) ማለት ኖይዚ (noisy፣ ጫጫታ የበዛበት) ነው? ልቦለድ ላይ ኖይሰም መንደር የሚል አገኘሁ» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አይደለም። የሚከረፋ፣ የሚገማ ማለት ነው። መቼም እየተረጎምክ ነው የምትጠይቀው፤ እንግዲያው ከእኔ ተማር።

1. ድምፁን ስማ። ኖይዝ (noise፣ ጫጫታ) ላይ «ዝ» ነው፣ ኖይሰም ላይ «ስ»። ዘመዳሞች አይደሉም።

ይሄን ለእኔ ማን ነገረኝ? ስለ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተጻፈ 40 ገጽ ሪፖርት ሰጡኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ «ጫጫታ የሚያሰማ ፍሳሽ» ብዬ አስረከብኩ። ፍሳሽ ምን ብሎ ይጮኻል? እንቅልፍ ነዋ! ኃላፊው ስብሰባ መሃል ጮክ ብሎ አነበበው። ተሳቀብኝ። ከዚያ ክፍያዬን በግማሽ ቆረጠው። የቀረው 39 ገጽ ንጹህ ነበር፣ እሱን ማን ያንሳ።

2. አመጣጡን እወቅ። እኔ በእልህ ነው የቆፈርኩት። ቃሉ ከ«አኖይ» (annoy፣ ማስቸገር) ነው የወጣው፤ ከፊት ያለችው «አ» ተቆርጣ ነው። አኖይ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ኢን ኦዲዮ» ነው፤ ጥላቻን የሚመለከት። መጨረሻው ላይ ያለችው «ሰም» ትረብልሰም (troublesome፣ አስቸጋሪ) ላይ ያለችው ናት። (ሰሙ ጫጫታ፣ ወርቁ ግማት ብላችሁ ያዙት።) በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትርጉሙ «ጎጂ» ነበር። ክርፋቱ የመጣው በ1570ዎቹ ነው። ያኔ በሽታን የሚያመጣው የተበላሸ አየር ነው ይባል ስለነበር፣ የሚገማውና የሚጎዳው አንድ ሆኑ። ማላሪያ ራሱ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ነው።

ስለዚህ የጽሑፉን ዕድሜ ሳታይ አትተርጉም። በ1611 የታተመው ኪንግ ጄምስ የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሕዝቅኤል 14፥21 ላይ «ኖይሰም» የሚለው አውሬን ነው። የሚገማ አውሬ እንዳትል! ክፉ አውሬ ነው።

ለመንደርህ ግን «የሚከረፋ» በል። «ሽታ ያለው» አይበቃም፤ ቡናም ሽታ አለው፣ ሽቶም ከዚያው ቃል ነው የወጣው። እንግሊዞችም ስቲንክ (stink፣ መግማት) የሚሉት ቃል ድሮ ለጥሩ መዓዛም ያገለግል ነበር።

በነገራችን ላይ ያ ቢሮ ባለፈው ደውሎልኝ ነበር። ዋጋዬን በእጥፍ ጠራሁላቸው።