የምትጦሩበትን ቤት ዛሬ ስትሠሩ፦ ለጅማ ወጣቶች የተሰጠ ምክር

ውድ ልጆቼ፣

ከዕድሜዬ ትልቁን ክፍል ያሳለፍኩት በዚሁ በጅማ ከተማ በነርስነት ሙያ፣ በተለይም አጥንታቸው ተሰብሮ የሚተኙ አረጋውያንን በማስታመም ነው። አረጋዊ ታካሚና ቤተሰቡ ከምንም በላይ የሚጨነቁት ከሆስፒታል መውጫው ቀን ሲደርስ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሐኪሙ የበኩሉን ፈጽሟል፣ ቤቱ ግን በሽተኛውን ለመቀበል አልተሰናዳም፣ ሌሊት ማን አጠገቡ እንደሚያድርም የተነጋገረ የለም። ይህን ለእናንተ ለወጣቶቹ የምጽፈው ቤት የምትሠሩትም፣ ገንዘብ የምታስቀምጡትም፣ ከወንድም እህቶቻችሁ ጋር ሳትቀያየሙ ለመመካከር የምትችሉትም አሁን ስለሆነ ነው።

ከቤቱ ልጀምር። በሕርማታም ሆነ በመንደራ ባሉት የቆዩ ግቢዎች መጸዳጃው ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ነው። ለጎልማሳ ሰው ያ መንገድ ምንም አይደለም። የጅማ ዝናብ ግን ክረምትን ብቻ ጠብቆ የሚመጣ አይደለም፤ ቀዩ አፈር ሲርስ ያዳልጣል፤ እናት ከሱብሒ በፊት ለውዱእ ወይም ለሽንት ስትወጣ የምትወድቀውም እዚያው ላይ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ደግሞ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ቶሎ ቁጢጥ ማለት ስለማትችል፣ የጉድጓድ መጸዳጃ ብቻ ያለበት ቤት ለእሷ መጸዳጃ የሌለበት ቤት ይሆንባታል። አንዳንድ ቤተሰቦች ለአናጺ ነግረው መቀመጫው መሐል ላይ የተቀደደ፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ያሠሩና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ያኖሩታል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለአንዲት አሮጊት የሚመልስላት ክብር ግን እጅግ ብዙ ነው።

እናንተ ግን ገና ከመሠረቱ የምትጀምሩ ስለሆናችሁ፣ አንድ መኝታ ክፍልና አንድ መቀመጫ ያለው መጸዳጃ በምድር ላይ ጎን ለጎን እንዲሆኑ አድርጉ። የሁለቱም በር ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ችግር እንዲያሳልፍ 90 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። የመግቢያው ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ ከጎኑ የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ከ60 ማነስ የለበትም፤ ከዚያ ያጠረው ወንበር ለሚገፋው ሰው ጉልበት ይፈታተናል። በመታጠቢያ ቤት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አታንጥፉ፤ ይህን ሳይ ሁልጊዜ አዝናለሁ፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ መውደቂያ ይገዛልና። ኮንዶሚኒየም የምትገዙም ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ጉልበታችሁ ሲደክም ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ አስቡ። ግቢ ያላችሁ ሰዎች ሰርቪስ ቤቱን አጠንክራችሁ ሥሩት፤ በስተርጅና ኪራዩ መተዳደሪያ፣ ካስፈለገም ለአስታማሚ ማደሪያ ይሆናል።

ወደ ማስታመሙ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ከአልጋ የማይነሳ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፣ ሌሊትም ጭምር። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ለወራት ሊሠራው አይችልም። በብዙ ቤት ግን ሸክሙ የሚወድቀው ባላገባችው ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ነው፤ ወንድሞች ስልክ ይደውላሉ፣ ዓረብ አገር ያለችው እህት ብር ትልካለች፣ የምታስታምመው ግን ከሥራዋም ከትምህርቷም ቀርታ ትጎዳለች። የሚላከው ብር ቁም ነገር ነው፤ የሌሊቱን ተራ የሚጋራ ሰው ካልተገኘ ግን በዚያ ብር ረዳት መቀጠር አለበት፣ ለምታስታምመውም እህት ከእሱ ላይ በግልጽ ሊቆረጥላት ይገባል። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጧሪ ያጡትን ሰብስበው የሚያደርጉትን በጎ ሥራ አከብራለሁ፤ ልጅና ዘመድ ያለው ሰው ግን ማረፊያዬ እዚያ ነው ብሎ ማቀድ የለበትም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል። በግል ድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪያችሁ 11 በመቶ ለጡረታ ገቢ መሆን ስላለበት፣ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን በጊዜው አጣሩ፤ በ60 ዓመት የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በቡና ንግድ ወይም በባጃጅ የምትተዳደሩ በራሳችሁ ካላስቀመጣችሁ ወርሃዊ አበል አይጠብቃችሁም። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ሳለ ለወራት ለሚተኛው ሰው ግን መዋጮ የሚመድብ እድር ብዙ አይታይም። ወጣት አባላት ይህን በጠቅላላ ጉባኤ ብታነሡት መልካም ነው።

ቤቱን ለሚጦራችሁ ልጅ ለመተው የምታስቡ ከሆነ በቃል አትተማመኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው፤ ስለዚህ በሞት አልጋ ላይ «ቤቱ የእሷ ነው» ማለት ለእሷ ቤት አያስገኝም። ግልጽ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ በዚያው ይፈረማል። በሸሪዓ ለመዳኘት የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ ኑዛዜ ከሀብቱ ሲሶ እንደማያልፍ፣ ለወራሽም እንደማይደረግ ዐውቆ ሌላውን መንገድ ከዐዋቂ ጋር ይምከር። ስም አዛውሮ መስጠትን ግን አትቸኩሉበት፤ ኑዛዜን ሰው በሕይወቱ እስካለ ሊለውጠው ይችላል፣ አንዴ የተላለፈን ቤት ማስመለስ ግን ብዙ ያንከራትታል።

ለአረፋ ወይም ለመስቀል ሁላችሁም ቤት ስትሰበሰቡ ጉዳዩን አንሡት። አባትና እናት አስቀድመው ይናገሩ፤ እነሱ በሌሉበት ስለ እነሱ አይወሰን። የት እንደሚተኙ፣ ሌሊቱን ማን ከማን ጋር እንደሚፈራረቅ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል ተስማሙና በወረቀት አስፍራችሁ ከቤቱ ካርታ ጋር አኑሩት።