ቁጥር ብቻውን አይበቃም ወይ? የአካውንቲንግ ተማሪዎች ጥያቄዎች

ስለ ሶፍት ስኪል፣ ማለትም ሰው ስለማናገርና አብሮ ስለመሥራት ችሎታ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ኦዲት ላይ የቆየሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሂሳቡን በትክክል ከሠራሁ፣ ሰው የማናገር ችሎታ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ቁጥሩን ከየት ልታመጣው ነው? የዕቃ መረከቢያው ንብረት ክፍል ነው ያለው። የጎደለውን ቫውቸር የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ነው። ሰው ሳታናግር ሂሳብ አይዘጋም። የዓለም አቀፉ የአካውንታንቶች ፌዴሬሽን የትምህርት ደረጃዎችም ቢሆኑ 2ኛው ስለ ቴክኒክ ዕውቀት፣ 3ኛው ስለ ሙያዊ ክህሎት ነው። መግባባትና አብሮ መሥራት እዚያው ውስጥ አሉ።

ጥያቄ፦ ሥራ አስኪያጁ "ትርፍ ካለ ገንዘቡ የታለ?" ቢለኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ይቺ ጥያቄ አትቀርም! "አክሩዋል" (ገንዘቡ ሳይገባም ሽያጩን መመዝገብ) ብለህ እንዳትጀምር። እንዲህ በለው፦ "በ70 ሺህ የገዛነውን ዕቃ በ100 ሺህ በዱቤ ሸጥን። ትርፉ 30 ሺህ ነው። ደንበኛው ግን ገና አልከፈለም። እኛ 70 ሺህ ከፍለናል፣ ወደ ካዝና የገባ የለም።" ከዚያ የተሰብሳቢውን ዝርዝር ፊቱ አስቀምጥ። ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ።

ጥያቄ፦ ዓይናፋር ነኝ። ኦዲተር መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ እንዴታ! ኦዲት ወሬኛ አይፈልግም፤ ጠይቆ ዝም የሚል ሰው ነው የሚፈልገው። "ይሄ ክፍያ ትክክል ነው አይደል?" ካልሽ "አዎ" ይሉሻል፣ አለቀ። "ይህ ክፍያ ከጥያቄው እስከ ቼኩ እንዴት እንዳለፈ ያሳዩኝ" በይና ጠብቂ። የሰማሽውን ግን በሰነድ አረጋግጪ፤ የቃል መልስ ብቻውን በቂ የኦዲት ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ "ይሄን ወጪ ንብረት አድርገህ መዝግበው" ቢለኝስ?

መልስ፦ ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ወጪ ንብረት ተብሎ ሲመዘገብ ትርፉ ከእውነቱ በላይ ይታያል። የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ዎርልድኮም የወደቀው በዚሁ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የኩባንያው የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ሲንቲያ ኩፐርና ባልደረቦቿ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደ ንብረት ተመዝግቦ አገኙና ጉዳዩን ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ አደረሱ። ምዝገባውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ አፍ አውጥቶ መናገር ሌላ። አንተ ሳትጮህ "በየትኛው የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ" በል። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። ካልቀረ ወደ በላይ አካል ውሰደው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም። በግሩፕ ሥራ ሁሌ ኤክሴሉን የምትይዘው አንተ ከሆንክ፣ ቀጣዩን ፕሬዘንቴሽን አንተ አቅርብ። ሌላ ዲፓርትመንት ላለ ጓደኛህም አንድ የሀብትና ዕዳ መግለጫ በአምስት ደቂቃ አስረዳው። ስልኩን መነካካት ከጀመረ፣ በሌላ መንገድ ሞክር።