ጸሎት በሚዛን፣ ፈጣሪ በመነጽር? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ቦታ ተገናኙ፤ ሳይንስ የፈጣሪን መኖር ወይም አለመኖር ማረጋገጥ ይችላል ወይ? ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ ‹ጋጋሪን ሰማይ ድረስ ወጥቶ እግዚአብሔርን አላየሁም ብሏል› እየተባልን ተምረናል። አሁን ደግሞ ልጄ ‹ሳይንስ እግዚአብሔር መኖሩን አረጋገጠ› የሚል ቪዲዮ አሳየኝ። የቱን ልመን?» (ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ)

ሁለቱንም ይተዉአቸው፣ መምህር። የሚወድቁትም በአንድ ምክንያት ነው።

ዩሪ ጋጋሪን ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። በተቀዳው የሬዲዮ ንግግሩ ውስጥ ያ አባባል የለም፤ በንግግራቸው ያናፈሱት የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ናቸው። ብሎት ቢሆን እንኳ የወጣው ከፍታ ቢበዛ 327 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ ያለው መንገድ ከዚህ ይረዝማል። «እግዚአብሔር ከጅማ መንገድ በሚያጥር ርቀት ላይ ተቀምጧል» ያለ ሃይማኖት ደግሞ የለም። ማንም ያላለውን ነገር ማፍረስ ምንም አያስተባብልም።

በሳይንስ ማፍረስም ሆነ ማጽናት የሚቻለው፣ ተናጋሪው አስቀድሞ «እውነቴን ከሆነ ይህን ታያላችሁ፤ ካላያችሁት ተሳስቻለሁ» ሲል ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬሪየ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጎታል። ዩራነስ ከመንገዷ ስትወጣ ቢያይ «ከኋላዋ የማናውቃት ፈለክ አለች» ብሎ ቦታዋን አሰላ፤ በ1846 በርሊን ላይ መነጽሩን (ቴሌስኮፑን) ወደዚያ ቢያዞሩ ኔፕቲዩን ከስሌቱ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች። ሜርኩሪም እንዲሁ ትንሽ ስትዛነፍ ሲያይ «ከፀሐይ አጠገብ ሌላ ፈለክ አለች» አለ፤ ቩልካን የሚል ስም ሁሉ ወጣላት። ለአሥርተ ዓመታት ተፈልጋ አልተገኘችም። በ1915 አይንሽታይን በስበት ንድፈ ሐሳቡ ያንን መዛነፍ ያለ ተጨማሪ ፈለክ ቁልጭ አድርጎ ሲያስረዳ የቩልካን ነገር አበቃ። ሰውየው ያው፣ ዘዴው ያው፤ አንዱ ቆመ፣ ሌላው ወደቀ። ሊወድቅ የቻለው ቦታና መጠን ስለነበረው ነው።

«እግዚአብሔር አለ» የሚለው ቃል ግን ቦታ፣ ጊዜና መጠን የለውም። ዝናብ ቢዘንብም ቢቀርም፣ ሕመምተኛው ቢድንም ቢሞትም ከቃሉ ጋር ይስማማል። ይህ ውሸት አያሰኘውም፤ መነጽሩን ወዴት እንደምናዞር ግን አይነግረንም። «የለም» የሚለውም ዕጣው ያው ነው። «ደግ አምላክ ካለ ሕፃን ለምን ይታመማል?» የሚለው ሙግት ከባድ ነው፣ ግን የሚያከራክረው ደግነት ምንድን ነው በሚለው ላይ ስለሆነ በላቦራቶሪ አይፈታም። ቤተ ሙከራ የሚገባው ጠበብ ያለው አባባል ነው፤ «ጸሎት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ጉዳት ይቀንሳል» እንደሚለው ያለ። እሱን ቀጣዩ ጥያቄ ያነሣዋል።

«‹የአሜሪካ ሐኪሞች ጸሎት የልብ ሕመምተኞችን እንደሚፈውስ በጥናት አረጋገጡ› የሚል አነበብኩ። እውነት ነው? ከሆነስ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም?» (ነርስ፣ ከሐዋሳ)

ጥናቱ በእውነት ተካሂዷል፤ ያረጋገጠው ግን የተባለውን አይደለም። ሙያዎ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

መጀመሪያ የሞከረው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፣ በ1872። ለነገሥታት ዕድሜ በየቤተ ክርስቲያኑ ይጸለያል (በእኛም ቅዳሴ ለንጉሡ ይጸለይ ነበር)፤ እንግዲያው ነገሥታት ረጅም መኖር አለባቸው ብሎ ቆጠረ። የነገሥታት ቤተሰብ አባላት አማካይ ዕድሜ 64 ሆነ፤ የካህናቱ 69፣ የጠበቆቹ 68። ብልህ ሐሳብ ነው፣ ግን ውሃ አያነሣም። ንጉሥ ከጠበቃ የሚለየው በጸሎት ብቻ አይደለም፤ በአመጋገቡም፣ በኑሮውም፣ በዘር ሐረጉም ይለያል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ለዚህ መድኃኒቱ ዕጣ ነው። ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከከፈሉ፣ ዕድሜም ድህነትም የበሽታ ክብደትም በሁለቱም ወገን በግምት እኩል ይዳረሳል፤ የሚቀረው ልዩነት ጸሎቱ ብቻ ይሆናል። ሐኪሙም ሕመምተኛውም ማን የተጸለየለት እንደሆነ ማወቅ የለባቸውም። በ1988 የታተመው የራንዶልፍ በርድ ጥናት እንዲህ ተሠራ፦ በሳን ፍራንሲስኮ የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 393 ሰዎች ለ192ቱ ተጸለየ፣ ለ201ዱ አልተጸለየም። እርስዎ ያነበቡት ወሬ ምንጩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በስድስት ነገሮች የተጸለየላቸው በልጠው ተገኙ፦ የልብ ድካም፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ የልብ ድንገተኛ መቆም፣ የሳምባ ምች፣ አንቲባዮቲክ፣ የመተንፈሻ ቱቦ።

ችግሩ ምን ላይ ነው? አንደኛ፣ የተለካው ከ25 ነገር በላይ ነው። «በአጋጣሚ የመከሰት ዕድሉ ከ100 አምስት» የሚል ወንፊት ይዘው 20 የማይገናኙ ነገሮችን ቢለኩ፣ ምንም ልዩነት በሌለበት እንኳ ቢያንስ አንዱ «ተገኘ» የመባል ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ሁለተኛ፣ ስድስቱ ስድስት አይደሉም። የልብ ድካም ያለበት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ሳምባ ምች የያዘው አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሦስተኛ፣ በዋናዎቹ ነገሮች፣ ማለትም በሞትና ሆስፒታል በቆዩበት ቀን፣ ልዩነት የሚያሰኝ ነገር አልታየም።

ስለዚህ ትልቁ ሙከራ ጉድለቱን ለማረም ተነሣ። በሐርቫርዱ ኸርበርት ቤንሰን የተመራው ጥናት በ2006 ታተመ። የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሰዎች፣ ስድስት ሆስፒታል፣ ሦስት ቡድን። የሚለካው ዋና ነገር አስቀድሞ አንድ ብቻ ተባለ፤ በ30 ቀን ውስጥ የሚመጣ ማንኛውም ተጨማሪ ጉዳት። ሦስት የክርስቲያን ጸሎት ማኅበራት የሕመምተኛውን ስምና የቤተሰቡን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይዘው ከቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ጀምሮ 14 ቀን ጸለዩ። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ ሳያውቁት ከተጸለየላቸው 604 ሰዎች 52 በመቶው፣ ካልተጸለየላቸው 597 ሰዎች 51 በመቶው ጉዳት ገጠማቸው። ልዩነት የለም። «በእርግጥ ይጸለይላችኋል» የተባሉት 601 ሰዎች ግን 59 በመቶ ደረሱ። ምናልባት «ጸሎት ያስፈለገኝ ይህን ያህል ብብስ ነው» ብለው ተጨንቀው ይሆናል፤ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እግዚአብሔር አለመኖሩ ተረጋገጠ? እዚህ ላይ ሌላው ወገን ይሳሳታል። የተለካው ማንም የማያውቀው ሰው ከሩቅ የሚያደርሰው ተጨማሪ ጸሎት ነው። ያልተጸለየላቸው የተባሉት ሰዎች እናት፣ ሚስት፣ የንስሐ አባት አላቸው፤ እነዚያ አትጸልዩ አልተባሉም፣ ሊባሉም አይገባም። በመድኃኒት ሙከራ ንጽጽሩ ያ መድኃኒት ካልደረሰው ሰው ጋር ነው፤ እዚህ ጨርሶ ያልተጸለየለት ሰው ማግኘት አይቻልም። መጠኑስ? ስንት ስግደት ስንት ሚሊግራም ነው? ከሁሉ በላይ፣ መድኃኒት ፈቃድ የለውም፤ ተለማኝ ግን እንቢ ማለት ይችላል።

በዚህ ጉዳይ የሚያስቀው የእስራኤላዊው ሐኪም የሊቦቪቺ ጽሑፍ ነው። ከ1990 እስከ 1996 በደም መመረዝ ተኝተው ለነበሩ 3,393 ሰዎች በ2000 ላይ፣ ወይ ድነው ወይ ሞተው ካለቀ በኋላ፣ በዕጣ ለግማሾቹ አስጸለየ። የተጸለየላቸው ትኩሳታቸው ቶሎ የበረደ፣ ቆይታቸውም ያጠረ ሆኖ ተገኘ! ጽሑፉ የወጣው በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የገና እትም ላይ ነው፤ ያ እትም ቀልድ የሚፈቀድበት ነው። ዕጣና ወንፊት በሥርዓቱ ተጠብቀው እንኳ ማንም የማያምነው ውጤት ሊወጣ እንደሚችል ማሳየቱ ነበር። አንዳንዶች ግን የምሩን መስሏቸው እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

«ጸሎትን መፈተን ራሱ ድፍረት አይደለምን? ‹ጌታን አምላክህን አትፈታተነው› ተብሏልና።» (ዲያቆን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

ሃይማኖታዊ ብያኔውን ለአባቶች እንተወው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ግን ሌላም ወገን እንዳለ ዲያቆን ያውቁታል። የጌዴዎንን ፀምር (የበግ ፀጉር) ያስቡ። መጀመሪያ «ጠል በፀምሩ ላይ ብቻ ይውረድ፣ ምድሩ ይድረቅ» አለ፤ ሆነ። አልበቃውም፤ ፀምር ጠል የመያዝ ጠባይ ስላለው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ገለበጠው፤ «ፀምሩ ይድረቅ፣ ምድሩ ይርጠብ»። ተመራማሪዎች ሌላ ምክንያት አለመኖሩን የሚያጣሩት ልክ እንዲህ ነው። ዳንኤልም «አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ስጠን፤ ከዚያ ፊታችንን ከንጉሡ መብል ከሚበሉት ጋር አስተያይ» ሲል የንጽጽር ቡድንና የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ዕጣ ብቻ ነው የጎደለው።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ በጌዴዎን ታሪክ ምልክቱን ለመስጠት የተስማማ አለ። በሆስፒታሉ ሙከራ ግን ተፈታኙ በፈተናው ስለመስማማቱ የተጠየቀ የለም።

«ቢግ ባንግ የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ቁጥር አላረጋገጠም?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጎንደር)

ይህን ከእኛ ይልቅ የንድፈ ሐሳቡ አባት ቢመልስልህ ይሻላል። ዦርዥ ለሜትር ቤልጅየማዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር። በ1927 ጠፈር እየሰፋ መሆኑን አሰላ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉ ነገር ከአንድ «ቀዳማዊ አቶም» ተነሣ አለ። በ1951 የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህ ግኝት ለፈጣሪ ይመሰክራል የሚል ንግግር ሲያደርጉ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አልተደሰተም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ውጭ እንደሆነ ኋላም ተናግሯል። ቄስ ሆኖ የፈራው ያስገርማል፤ ቀመር ነገ ይሻሻላል፣ እምነትን የቀመር ተከራይ ያደረገ ሰው ቀመሩ ሲለወጥ ቤቱን ለቆ ይወጣል።

ይህ ቀደም ብሎ ደርሷል። ኒውተን የፈለኮች መዛነፍ እየተጠራቀመ ሄዶ አንድ ቀን መልሶ ማስተካከል እንደሚያስፈልግ ጽፎ ነበር፤ አስተካካዩ እግዚአብሔር መሆኑ ነው። በ1785 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርን መዛነፍ በ900 ዓመት ገደማ ዑደት ሄዶ እንደሚመለስ አሳየ። እግዚአብሔርን በክፍተት ውስጥ ያስቀመጠ ክፍተቱ ሲደፈን የሚያስቀምጥበት ያጣል። ላፕላስም ቢሆን ዑደቱን አሰላ እንጂ ዑደት ለምን ኖረ የሚለውን አልመለሰም። ፊዚክስ ጠፈር ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ምን ያህል ትኩስና እፍግ እንደነበር ይነግርሃል። «ምንም ካለመኖር ይልቅ ለምን አንዳች ነገር ኖረ?» ለሚለው ግን የሚነበብ መለኪያ የለውም።

«ሰው ዱዓ ሲያደርግ አንጎሉ ውስጥ የሚበራ ቦታ አለ ይባላል። ታዲያ ሃይማኖት የአንጎል ሥራ ብቻ ነው?» (ከጅዳ)

እንጀራ ሲበሉም አንጎል ውስጥ የሚበራ ቦታ አለ። ከዚያ ተነሥቶ እንጀራ የለም ያለ ሰው አልሰማንም። እንጀራ መኖሩንም በአንጎል ፎቶግራፍ አናረጋግጥም፤ መሶቡን እንከፍታለን እንጂ።

«እህቴ ኤችአይቪ በደሟ አለ። ሁለት ዓመት መድኃኒቱን ወስዳለች። በቅርቡ ጠበል ተጠመቀች፤ ከዚያ የላቦራቶሪ ወረቀቷ ‹ቫይረሱ አልታየም› አለ። ድኛለሁ ብላ መድኃኒቷን ልታቆም ነው። ተአምር አይደለም ማለት ይቻላል?» (ከአዲስ አበባ)

ከሁሉ በፊት የዛሬው ክኒን አይለፋት። ቀሪውን ከዚያ በኋላ አብራችሁ አንብቡት።

«አልታየም» የሚለው ቃል ነው ያሳሳታችሁ። ያ ወረቀት የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት ይቆጥራል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ20 ወይም ከ50 በታች ሲሆን መቁጠር ስለማይችሉ «አልታየም» ብለው ይጽፋሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ እዚህ ይደርሳል፤ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው። ቫይረሱ ግን ረጅም ዕድሜ ባላቸው የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ክኒኑ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይራባል። እያቆሙ እየጀመሩ መውሰድ ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ ያመጣል።

ተአምር ነው አይደለም ለሚለው፣ ከመጠመቋ በፊት የተሠራውን ውጤት ከካርዷ ላይ ፈልጉ። ያኔም «አልታየም» ከነበረ፣ የአሁኑ ወረቀት አዲስ ነገር አልተናገረም። ያኔ ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ጠበል ያልተጠመቁ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎችም ይህንኑ ውጤት ያገኛሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሁለቱን መለየት አይችልም። እግዚአብሔር በመድኃኒቱ በኩል ረዳኝ ብትል ላቦራቶሪ አይቃወማትም። «መድኃኒት አያስፈልገኝም» ስትል ግን ሊለካ የሚችል ነገር ተናግራለች፤ መልሱም ይታወቃል።

ከሃይማኖቷና ከመድኃኒቷ አንዱን እንድትመርጥ ያስገደዳት የለም። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ እርስ በርስ እንደማይጋጩም ተናግረዋል። አሁን በብዛት የሚሰጠው ሦስት መድኃኒት በአንድ ክኒን የያዘው፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ሲሆን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። እየጾመች ከሆነ ሰዓቱን ማታ ታድርገው። ጠበል ጠጥታ የምታስመልስ ከሆነ ክኒኑን ከዚያ ሰዓት አርቃ ትውሰድ፤ ከወሰደች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካስመለሳት፣ ይደገም አይደገም የሚለውን በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያዋ ደውላ ትጠይቅ።