የሌሊቱ ደብተር

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። የባልትና ሥራ ነው የምሠራው፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ሌሊት ጭንቅላቴ አያርፍም። በሰው ምክር ውሎዬን መጻፍ ጀመርኩ፤ ስጽፍ ግን ጭራሽ ይብስብኛል። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ደብተሩን አግኝቶ አነበበው። «ቤቱን ብቻዬን ነው የምገፋው» የሚለውን አይቶ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው። መጻፉን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። አጻጻፍሽን ግን እንቀይረው።

የላክሽልኝን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። «ዛሬም ልጄ ላይ ጮህኩ፤ ምን ዓይነት እናት ነኝ?» የሚለው ሦስት ቦታ ተጽፏል። ይህ የሆድን መተንፈስ አይደለም፣ እዚያው መዞር ነው። በመኝታ ሰዓት ራስሽን ችሎት ፊት አታቁሚ።

አሜሪካ፣ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ ጻፉ። ነገ የሚሠሩትን የጻፉት፣ ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዘርዝረው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ስለዚህ «ብዙ ሥራ አለብኝ» ብለሽ አትጻፊ። «ጠዋት 3 ሰዓት በርበሬውን ወፍጮ ቤት አደርሳለሁ፤ ከሰዓት ቀሪ ሒሳቤን እጠይቃለሁ» በዪ። የዱቤ ደብተርሽንስ እንዲህ አይደል የምትይዢው? የደንበኛን ዕዳ በቃልሽ አትይዢም። የነገውንም ሥራ በጭንቅላትሽ ይዘሽ አትደሪ።

ስሜትሽን በቀን ጻፊ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ቡናው እስኪፈላ። በየቀኑ ካልሆነ ብለሽ አትጨነቂ። ጀምስ ፔኔቤከር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎቹን ያስጻፈው በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ቀን ብቻ ነበር። «ጮህኩ» ካልሽ «ከዚያ በፊት ምን ሆኜ ነበር?» ብለሽ ቀጥዪ። በገጹ ጠርዝ ላይ እንደ ዋዛ «ምሳ ሳልበላ ዋልኩ» ብለሻል። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ሐኪም ይይሽ።

ባለቤትሽ ሳያስፈቅድ ማንበቡ ልክ አይደለም፤ ይህን ንገሪው። መከፋቱም ግን እውነተኛ ነው። ልጆቹ ሲተኙ አጠገቡ ተቀመጪና «ያነበብከው የከፋኝን ሌሊት ነው፤ ስለ አንተ የማስበው ያን ብቻ አይደለም። ድካሜ ግን እውነት ነው» በዪው። ከዚያ የነገውን ዝርዝር ዘርግተሽ አሳዪው። ልጆቹን ማድረስ የሚለው መስመር ላይ የራሱን ስም እንዲጽፍበት ጠይቂው።