ጋንጃ፣ ጫትና የማታው ሰዓት፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

«ስለ ጋንጃ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ «ለጓደኛዬ ነው» ይላል። ይሁን፣ ለጓደኛችሁ እመልሳለሁ። እዚሁ ጅማ የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። የማንንም ስም አልጠቀስኩም፤ ረዣዥሞቹን ጥያቄዎችም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋንጃ ቅጠል ነው፣ ተፈጥሮ ነው፤ ሱስ አያስይዝም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ትንባሆም ቅጠል ነው። ጫትም ቅጠል ነው። ቅጠል መሆኑ ማንንም አላዳነም።

የሞከረ ሁሉ ሱሰኛ አይሆንም፣ ይህ እውነት ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ የኖረው ግምት ከተጠቀሙ 10 ሰዎች አንዱን ገደማ ሱስ ይይዘዋል የሚል ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ለጀመረ ሰው ግን ከ6 አንድ ይጠጋል። በየቀኑ የሚያጨስ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጋንጃ ውስጥ ያለው አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። አእምሯችን ራሱ ይህን የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች በጥቂቱ ያመርታል። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ስሜትንና ትውስታን በልክ ለመያዝ ያግዛሉ። ቲኤችሲ ገብቶ የእነሱን መቀበያ ይይዛል። በየቀኑ ሲጎርፍበት አእምሮ መቀበያዎቹን ይቀንሳል። ድሮ በግማሽ ጥቅል «ይሄድ» የነበረው ልጅ ዛሬ በሁለትም የማይሰማው ለዚህ ነው። ደግነቱ መቀበያዎቹ ይመለሳሉ። በአእምሮ ምስል የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ሰውየው ካቆመ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ነበሩበት ይጠጋሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የማጨሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ሱሰኛ ነኝ?

መልስ፦ ቀኑን ብቻ ቆጥሬ አልፈርድብህም። ራስህን ጠይቅ። ካሰብከው በላይ ታጨሳለህ? ልቀንስ ብለህ አቅቶህ ያውቃል? ሐሙስ ላይ ሆነህ ስለ ቅዳሜው ታስባለህ? በእሱ ምክንያት ሥራ ወይም ሰው አጥተሃል? እየጎዳህ መሆኑን እያወቅህ ቀጥለሃል? ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመዘኛ 11 ነጥቦች አሉት። በ12 ወር ውስጥ ሁለቱ ከታዩ ችግሩ ጀምሯል፤ 6ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ነው። አንዱም ከሌለብህ ሱሰኛ አልልህም። አጭሰህ መሪ ግን አትያዝ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ትቶ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ኪሱ ውስጥ አገኘሁበት። አባቱ ከቤት ላባርረው ይላል። ጎረቤት ጸበል ውሰጂው ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ነገር ልጁ ከቤት አይውጣ። ከቤት የተባረረ ልጅ የሚያድረው የሚያጨሱት ጓደኞቹ ጋ ነው።

ሲያናግሩት ሰዓት ይምረጡ። አጭሶ በገባበት ማታ አይሆንም፤ ያኔ የሚነግሩት ነገር ጆሮው አይገባም። ጠዋት፣ ፊቱን ታጥቦ ቁርስ ሲቀርብ፣ ታናናሾቹ በሌሉበት ይሁን። ከኪሱ ያገኙትን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንደ ፖሊስ አይጀምሩ። «ሰሞኑን ከሳህብኝ፣ እንቅልፍም የለህ፤ ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። የሚከብደው ይሄ ዝም ማለቱ ነው። በአንድ ጠዋት አያልቅም፤ በሁለተኛውም ላያልቅ ይችላል።

ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይስጡት። ምግቡን፣ ልብሱን፣ የታክሲውን እርስዎ ይሸፍኑ። ዕዳውን ግን በድብቅ አይክፈሉለት። አባት እየተቆጣ እናት በጎን ከከፈለች ልጁ ሁለቱንም መስማት ያቆማል። ከአባቱ ጋር መጀመሪያ እርስዎ ይስማሙ፣ ከዚያ ወደ ልጁ ይሂዱ።

ጸበሉን አልቃወምም። ሙስሊም ቤተሰቦች ዱዓ ሲያስደርጉም እንደዚያው። ፈቅዶ ከሄደ ከሰፈሩ ልጆች መራቁ በራሱ ይረዳዋል። የማልስማማው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በማሰርና የተጀመረ መድኃኒት በማስጣል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይከታተሉ። ክፍሉን የሚዘጋው ምን ሆኖ ነው? ብቻውን ያወራል? እርስዎ የማይሰሙት ድምፅ ይሰማል? «እየተከታተሉኝ ነው»፣ «ምግቡ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራችኋል» ይላል? ጋንጃ፣ በተለይ በልጅነት ከተጀመረና በየቀኑ ከተጨሰ፣ ሳይኮሲስ ለሚባለው የአእምሮ መታወክ የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል። በቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም ካለ አደጋው ይበልጣል። ይህን ካዩ፣ ወይም «መሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ቀጠሮ የለም፤ የዛኑ ቀን ይዘውት ይምጡ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከሰዓት እቅማለሁ። ማታ የጫቱን ምርቃና ለመስበር ጋንጃ አጨሳለሁ፤ አለዚያ እስኪነጋ ዓይኔ አይከደንም። ጫቱን ሳልነካ ጋንጃውን ብቻ ማቆም እችላለሁ?

መልስ፦ የጅማ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ከውጭ የሚመጡት መመሪያዎች ስለ ጋንጃ ሲያወሩ ጋንጃውን ለብቻው ያዩታል። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች የሚያጨሱት ጋንጃ ግን ብዙውን ጊዜ ጫት ተከትሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለብቻው ሲያክሙት አይለቅም።

ወንድሜ፣ ቀንህን በሰዓት እንየው። 8 ሰዓት ላይ በርጫው፣ የጫት መቃሙ፣ ይጀመራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ገና ምርቃና ላይ ነህ። 3 ሰዓት ሲሆን ሰውነትህ ደክሟል፣ ሐሳብህ ግን ይሮጣል። ሒሳብ ትሠራለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ትዳር ትመሠርታለህ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ። ከዚያ ይወርድብሃል፣ ይጨንቅሃል። ያኔ ጨብሲ፣ ምርቃናውን የሚሰብር ነገር፣ ያስፈልጋል። አንዱ ቢራ ይላል፣ አንዱ አረቄ፣ አንተ ጋንጃ። ጫቱን እንዳለ ትተህ ጋንጃውን ብቻ ብታነሳ የ3 ሰዓቱ ጭንቀት ባለበት ይጠብቅሃል። ጋንጃውን አቁመው አረቄ ላይ የወደቁ ልጆች አይቻለሁ።

«ጫቱን ነገውኑ ጣል» አልልህም። እንዲያ ብልህ ተመልሰህ አትመጣም። ከዚህ እንጀምር፦ በርጫውን ወደ ቀደመ ሰዓት አምጣው፣ መጠኑን ቀንስ፣ 10 ሰዓት ላይ አፍህን ታጠብና ተነሳ። ከዚያ ባይርብህም ብላ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ እንቅልፍ አይመጣም። ቡናውንም ከ10 ሰዓት በኋላ ተው። ጅማ ተቀምጦ «ቡና ተው» ማለት ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። አቦሉን አልነካሁብህም፤ የማታውን በረካ ብቻ ነው የምልህ።

ከዚያ የማታውን ሰዓት ቀይረው። ባጃጁን የምታቆመው የሚጨስበት ቤት ደጃፍ ከሆነ ሌላ ቦታ አቁም። የሚያቀብልህን ልጅ ቁጥር ከስልክህ አጥፋ። ራትህን ከማያጨስ ሰው ጋር ብላ። ይህ ምክር ቀላል ይመስላል፤ ከየትኛውም ክኒን ይልቅ ግን ይሄ ይሠራል። ጫቱን እያሳነስክ ስትሄድ ጋንጃው የሚሠራበት ሥራ ያጣል።

ሌላው ነገር፦ ጫቱ ንቁ ስላደረገህ አጭሰህ መንዳት የምትችል ይመስልሃል። ጋንጃ ፍሬን የምትይዝበትን ፍጥነትና ርቀት የምትገምትበትን ችሎታ ይቀንሳል። ጫቱ ያንን አያካክስልህም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለማቆም ሞክሬ ሁልጊዜ ሦስተኛው ቀን ላይ እመለሳለሁ። ያ ስሜት መቼ ነው የሚያልፈው?

መልስ፦ ሦስተኛው ቀን ላይ መመለስሽ አይገርምም፤ ሊበረታ ሲል ነው የምትወጪው። ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጣሪያ ይነካሉ። በ2 ሳምንት ገደማ አብዛኞቹ ይለቃሉ። ብስጭት አለ፣ ጭንቀት አለ፣ ምግብ ያስጠላል፣ ላብ፣ ራስ ምታትና የሆድ ሕመምም ይኖራል።

የሚዘገየው እንቅልፍ ነው። ወር ሊያልፍ ይችላል። ሕልሙም ይበዛል፤ ቃሚዎች ዱካክ የሚሉትን ቅዠት ይመስላል። አያስፈራሽ። ጋንጃው አፍኖት የነበረው የሕልም እንቅልፍ እየተመለሰ ነው።

ጋንጃ ማቆም በራሱ ለሕይወት አያሰጋም። አልኮል ግን ሌላ ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። ሁለቱንም የምትወስጂ ከሆነ ለብቻሽ አትጀምሪው። የምትጀምሪበትን ቀን ስትመርጪም የፈተና ሳምንት አይሁን። ለዶርም ጓደኛሽ ንገሪያት፤ በአምስተኛው ቀን የምትቆጪው እሷን ስለሆነ ቢያንስ ምክንያቱን ትወቀው።

ጥያቄ፦ ጋንጃ የሚያስቆም መድኃኒት አለ? አንድ ሰው የእንቅልፍ ክኒን ሰጥቶኛል።

መልስ፦ ለጋንጃ ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ክኒኑ ዳያዜፓም ወይም የእሱ ቤተሰብ ከሆነ ራሱ ሱስ ያስይዛል፤ ከአልኮል ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሐኪም ሳያይህ አትውሰደው። ከሱሱ ጋር ድብርት ወይም ሳይኮሲስ ካለ ግን ለዚያ መድኃኒት አለ፣ ይረዳልም።

ዋናው ሕክምና ንግግር ነው። «ምክር ብቻ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ምክር አይደለም። አንድ ወረቀት እናወጣለን። ባለፈው ሳምንት መቼ አጨስክ? የት? ከማን ጋር? ከዚያ በፊት ምን ተሰማህ? አንድ ልጅ «ዝም ብዬ ነው የማጨሰው» ይል ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ሁሌም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስልክ ካወራ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ጋንጃው ሳይሆን ስለዚያ ስልክ ነው። ከ6 እስከ 12 ጊዜ መገናኘት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ አጨሳለሁ። በየጊዜው ያስመልሰኛል፣ ሆዴን ያመኛል። ሙቅ ውኃ ስታጠብ ብቻ ነው የሚሻለኝ። ጨጓራ ነው ተባልኩ።

መልስ፦ ጨጓራም ሊሆን ይችላል። ግን ሙቅ ውኃው ያጠራጥራል። ለረጅም ጊዜ በብዛት ባጨሱ ሰዎች ላይ የሚታይ የታወቀ የማስመለስ ሕመም አለ፤ ምልክቱ በትክክል አንተ የነገርከኝ ነው። ለሐኪሙ ማጨስህን ሳትደብቅ ንገረው። የሚድነው ስታቆም ነው። ውኃ እንኳ አልረጋ ካለህ ዛሬውኑ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሥራ ልቀጠር ነው፣ የሽንት ምርመራ አለ። ሎሚና ኮምጣጤ ብጠጣ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፣ ጨጓራህን ነው የምታቃጥለው። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ይከማቻል። አልፎ አልፎ የሚያጨስ ሰው ላይ ለጥቂት ቀናት ይታያል፣ በየቀኑ በሚያጨስ ላይ ወር ወይም ከዚያ በላይ።

ጥያቄ፦ ልታከም ብመጣ ለፖሊስ ይነገርብኛል?

መልስ፦ ጋንጃ በኢትዮጵያ ሕገ ወጥ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማምረትና ማዘዋወርን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይነካል። ታካሚ የነገረኝን ይዤ ግን ፖሊስ ጣቢያ አልሄድም። የሙያው ሥነ ምግባር ምስጢር መጠበቅ ነው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ነው ነገሩ የሚለየው፣ ያንንም አስቀድሜ እነግርሃለሁ። ይዘህ አትምጣ እንጂ አንተ ና።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የት ነው የሚኬደው?

መልስ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሰው ያየኛል ብለህ ካፈርክ በቅርብህ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምር፤ አስፈላጊ ከሆነ ወደ ላይ ይጽፉልሃል። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ካልሄድኩ ብሎ ወራት የሚጠብቅ ሰው አለ። አብዛኛው ሰው ተኝቶ መታከም አያስፈልገውም፤ እየተመላለሰ ይታከማል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 3 ወር አቁሞ ነበር። ለኢድ ጓደኞቹ መጡና አጨሰ። አሁን «እኔ አልሆንም» ብሎ አኩርፏል፣ ቀጠሮውንም ቀረ። ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ሆነ?

መልስ፦ አልሆነም እህቴ። አንድ ማታ ማጨስና ወደ ድሮው መመለስ ለየቅል ናቸው። አሁን አደገኛው ነገር ጋንጃው ሳይሆን «ከተበላሸ ተበላሸ» የሚለው ሐሳብ ነው። እሱ ነው ሁለተኛውን ማታ የሚያመጣው።

«አላልኩህም ነበር?» አትበይው። ያን ቀን ምን እንደነበረ ይንገርሽ፦ ማን መጣ፣ ጫቱ እስከ ስንት ሰዓት ቆየ፣ መጀመሪያ ማን አቀበለው። በዓል ሲሆን በርጫው ይረዝማል፤ ማታውም ያው ይሆናል። ለቀጣዩ በዓል ከወዲሁ ተነጋገሩ። እንግዳ ቢመጣ 10 ሰዓት ላይ የት ይሄዳል? እናቱ ቤት? ታላቅ እህቱ ጋ? ያ ሰው ቀድሞ ይነገረው። ቀጠሮውን የቀረው አፍሮ ይመስለኛልና በሚቀጥለው አብረሽው ነይ። እምቢ ካለሽም ብቻሽን መምጣት ትችያለሽ፤ ቤተሰብንም እናነጋግራለን።