አዝማቹን ለቤቱ ልቀቁት

የምርቃት ሰሞን ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ካራኦኬ አስበናል፣ ምን እንዝፈን?» የሚል ይበዛል። ካራኦኬ ማለት ሙዚቃው ብቻ ተከፍቶ እንግዳው ራሱ በማይክ ሲዘፍን ነው። ለዛሬ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የመጡትን መርጫለሁ።

«ልጄ ልትመረቅ ነው። ሽምብጥ ያለው ግቢያችን 30 ሰው ያህል ይይዛል። አያቶቿ አሉ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿም አሉ። ሁሉንም የሚያስደስት ዘፈን የቱ ነው?» — እናት፣ ከሽምብጥ

እንኳን ደስ ያለዎት! እንግዶችዎ የሚወዱት ዘፈን ብዙ ነው። አብረው የሚቀበሉት ግን ጥቂት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ይህንን ጥቂቱን ነው። ካራኦኬ ላይ ግጥሙን የያዘው አንድ ሰው ነው፣ አዝማቹ ግን የቤቱ ነው። አዝማቹ አጭር ከሆነና ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ፣ ዘፋኙ ቢሳሳትም እንኳ ቤቱ ያነሳዋል።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። ማታ ቡና ላይ ዘፈኑን ይክፈቱና አዝማቹ ሊደርስ ሲል ድምፁን ያጥፉት። የቤቱ ትልቅ ሰውና ትንሹ ልጅ ሁለቱም ከቀጠሉት ይመዝገብ። አንዳቸው ዝም ካሉ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ለመክፈቻ በየሰፈሩ ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀውን ይያዙ። «አበባየሆሽ» ሲባል «ለምለም» የማይል ሰው አለ? «ሆያ ሆዬ» ሲባል «ሆ» የማይልስ? የእንቁጣጣሽና የቡሄ ዘፈን ሐምሌ ላይ ምን ይሠራል እንዳይሉኝ። ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ደቂቃ የሚያገናኝ ሌላ ነገር አላየሁም። ግማሽ ያህሉን ብቻ ዘፍነው ወደ ሌላው ይለፉ። ቀጥሎ ለትልልቆቹ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያድርጉት። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ የእርስዎ እኩዮች ያደጉበት ነው፣ ስሙ ራሱ አዝማቹ ነው። ከዚያ በኋላ የተመራቂዋ ጓደኞች የራሳቸውን ይምረጡ። የጎጃም ምት ያለው ዘፈን ግን ለመሃል ይቀመጥ፣ ሰው ሞቅ ሲለው። ትከሻ ከተነሳ በኋላ ማይኩን ማንም አያስታውሰውም፣ ደግሞም እሰየው!

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ዘፈኖች ረጃጅም ናቸው፣ አምስትና ስድስት ደቂቃ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በአምስት ደቂቃ ቢያስቡት 12 ሰው ማለት አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ስንኝና አዝማቹ ይበቃዋል። መሃል ላይ ሙዚቃው ብቻ የሚጫወትበት ረጅም ክፍል ሲመጣ ዘፋኙ ማይኩን ይዞ ቆሞ እንዳይቀር፣ እስክስታ የሚችል አንድ ሰው ከጎኑ ይቁም።

«ባለቤቴ በየድግሱ ጥላሁን ገሠሠን ካልዘፈንኩ ይላል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሳላስቀይመው እንዴት ላስቁመው?» — ከቀበሌ 14

አታስቁሚው፣ እህትዓለም። ጥላሁንን የሚወድ ሰው ጥላሁንን ይዝፈን። ችግሩ የዘፈኑ ከፍታ ነው፣ ያ ደግሞ መፍትሔ አለው። ብዙ የካራኦኬ አፖች ሙዚቃውን ሳያፋጥኑና ሳያዘገዩ የዜማውን ከፍታ፣ ማለትም ቅጥነቱንና ውፍረቱን፣ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ዝቅ አድርጊለት። ስንት እንደሚበቃው ለማወቅ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ሙዚቃ፣ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ይሞክረው። አገጩን ሽቅብ ካነሳ ገና ከፍ ብሏል፣ አንድ ደረጃ ጨምረሽ አውርጂው። አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ከዘፈነው ልኩ ነው።

ሴት ዘፋኝ የዘፈነችውን ወንድ ሲዘፍነው፣ ወንድ የዘፈነውን ሴት ስትዘፍነውም ይኸው ነው። አስቴር አወቀን በራሷ ከፍታ ልዝፈን ብለው ጉሮሯቸውን የሚጎዱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ዝቅ አድርጎ መዝፈን ነውር የለውም።

«ድግስ ላይ ትዝታ ይዘፈናል?» — ተማሪ፣ ከፔዳ ግቢ

ይዘፈናል፣ ግን አንድ ብቻ፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ። ሁለተኛው ከተጨመረ ሰው ወደ ስልኩ ይመለሳል።

«አማርኛ ዘፈን ግጥሙ እየተጻፈ የሚሄድ ካራኦኬ ስንፈልግ ብዙ አናገኝም። ያገኘነውም ግጥሙ የተሳሳተ ነው።» — ሦስት ጓደኛሞች

እውነታችሁን ነው፣ እኔንም ያናድደኛል። ስለዚህ ሙዚቃውንና ግጥሙን ለዩአቸው። ድምፅ የሌለበትን ቅንብር ፈልጉ። ከጠፋ ደግሞ ከዘፈኑ ላይ የዘፋኙን ድምፅ የሚቀንሱ አፖች አሉ፣ ውጤታቸው ለግቢ ድግስ ይበቃል። ግጥሙን ራሳችሁ እያዳመጣችሁ በፊደል ጻፉት፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ በዘፈን ፍጥነት አይነበብም። ፊደሉን ትልቅ አድርጋችሁ አትሙት፣ አዝማቹን አድምቁት፣ ለአያቶችም አንድ ቅጂ ስጡ።

ሁሉንም ከቀኑ በፊት አውርዳችሁ ስልክ ላይ ያዙት። ኔትወርክ በዕለቱ እሺ ላይል ይችላል። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ቻርጅ የተደረገ ስፒከር ያድናችኋል። ሙዚቃውን በብሉቱዝ ስታስተላልፉ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚወጣ ስክሪን ላይ ከሚሄድ ጽሑፍ ጋር ይጣላል፣ ገመድ ካላችሁ በገመድ አገናኙት። ማይኩ የሚጮኸውም ስፒከሩ ፊት ስለሚቆም ነው። ዘፋኙ ከስፒከሩ ኋላ ይቁም።

«አያቴ ከዘጌ ትመጣለች። ካራኦኬ ምን እንደሆነ አታውቅም። ዳር ላይ ቁጭ ብላ እንዳትቀር እፈራለሁ።» — የልጅ ልጅ

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ደስ ብሎኛል። ካራኦኬ የጃፓን ቃል ነው፣ «ባዶ ኦርኬስትራ» እንደማለት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ኮቤ ከተማ ውስጥ ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ሙዚቀኛ እንግዶች ሲዘፍኑ የሚያጅብ ማሽን ሠርቶ ማከራየት ጀመረ። ሐሳቡ ግን ለአያትሽ አዲስ አይደለም። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ሠርግ ቤት ሲገባ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠው የለ? አዝማሪው ተቀብሎ ዜማ ያለብሰዋል። ቃሉ የእንግዳው፣ ዜማው የአዝማሪው ነው። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው፣ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን የሚደብቅ ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ማይኩን ለአያትሽ አትስጪያት፣ ማይክ ትልልቅ ሰው ያስደነግጣል። አንቺ ማይኩን ይዘሽ ከጎኗ ቁጭ በዪ። ያዝ ያዝ የሚል፣ ግጥም የሌለበት የባህል ቅንብር ዝቅ ባለ ድምፅ ይከፈት። ከዚያ «እማማ፣ ለምርቃቱ ሁለት መስመር ስጪን» በያት። ያለችውን ደግመሽ በዜማ በዪው። ቤቱ «እሰይ!» ይላል። ሁለተኛውን ሳትጠየቅ ትሰጣለች። የቀረጻ ስልክ አዘጋጂ፣ ያ ግጥም ሌላ ቦታ አይገኝም።

«ጀልባ ተከራይተን ሐይቁ ላይ ካራኦኬ ብናደርግስ?» — የሥራ ባልደረቦች

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ጀልባው ሲናወጥ ግጥም ማንበብም ያስቸግራል። ጠዋት ውጡ። ድምፅ ውሃ ላይ ሩቅ እንደሚሄድ ደግሞ አትርሱ። የጣና ደሴቶች ላይ ብዙ ገዳማት አሉ፣ እነዚያ አባቶች ጸሎት ላይ ናቸው። ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ ስትጠጉ ስፒከሩን ዝጉ፣ ያለ ማጉያ በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ ዝፈኑ፣ ገዳሙ ደጅ ስትደርሱ እሱንም ተዉት። ማይኩን ለመልሱ ጉዞ አቆዩት፣ ወደብ ወርዳችሁ ዓሣ እስኪጠበስ ድረስ ሦስት አራት ዘፈን ይደርሳችኋል።