መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ኢሜይል

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ዘንድሮ የቤት ሥራ በኢሜይል መቀበል ጀምሬ ነበር። የሚመጣው ግን ርዕስ የለው፣ ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። አንዱ «ቲቸር ይኸው» ብሎ ብቻ ይልካል። ሌላዋ ደብተሯን በስልክ አንስታ ዘቅዝቃ ትልካለች። ፋይሉ ሁሉ «ዶክመንት 1» ነው። የማንን እንዳረምኩ እንኳ ይጠፋኛል። ኮምፒውተሮቻችን ጥቂት ናቸው፣ መብራትም ይሄድብናል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከወረቀት ይጀምሩ። መብራት በሌለበት ቀን ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ልጆቹ ባለጌ ሆነው እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ያ «ቲቸር ይኸው» ያለው ልጅ ገበያ መሀል ቢያገኝዎ ቆም ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው ሰላም የሚልዎ። ችግሩ መጻፍ የለመደው ቴሌግራም ላይ መሆኑ ነው። እዚያ «ቲቸር» ይልና ይጠብቃል፣ «አሉ?» ይልና ይጠብቃል፣ ጉዳዩ በአምስተኛው መልእክት ይመጣል። ኢሜይል ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይዞ የሚሄድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ልጆቹ ያውቃሉ፤ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ማመልከቻ ጽፈዋል።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ አንድ ማመልከቻ ይጻፉና ክፍል በክፍል ያሳዩአቸው። «ለ» የሚለው የተቀባዩ አድራሻ ቦታ ነው። «ጉዳዩ» ሰብጀክት የሚባለው መስመር ነው። «አባሪ» የሚያያዘው ፋይል፣ «ግልባጭ» ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያየው ሲሲ የምናደርገው ነው። ከዚያ ሁሉም ደብተሩ ላይ አንድ ኢሜይል ይጻፍ። እንዲህ ያለ ናሙና ይስጧቸው፦

ጉዳዩ፦ የ8ኛ ቢ የኅብረተሰብ ሳይንስ የቤት ሥራ
«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሠራሁትን የቤት ሥራ አያይዣለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ስላልገባኝ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ነገ ክፍል ውስጥ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ከአክብሮት ጋር፣» ከዚያ ሙሉ ስም ከነአባት፣ ከነክፍል።

አጭር ነው፣ ግን ማን እንደላከው፣ ምን እንደላከና ምን እንደሚፈልግ ይናገራል። ከዚህ በላይ አይጠይቋቸው። የተንዛዛ ሰላምታ አያስፈልግም፣ «እርስዎ» ማለት ግን የግድ ነው።

አካውንት ሲከፍቱ አጠገባቸው ይሁኑ። የቅጽል ስም አድራሻ ይቅር፣ የራስና የአባት ስም ይሁን። አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፦ ልጆቹ የልደት ዓመታቸውን በእኛ አቆጣጠር ያስገባሉ። 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2004 ብሎ ከሞላ ጉግል ከሃያ ዓመት በላይ አድርጎ ይመዘግበዋል። 2011 ወይም 2012 ብሎ ነው መሙላት ያለበት፤ እስከ ታኅሣሥ 21 የተወለደ 2011፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 2012 ስለሚሆን ወሩን ይጠይቁት። ጉግል ልጆች በራሳቸው አካውንት እንዲከፍቱ በአብዛኛው የሚፈቅደው ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ላሉት ወላጅ ፋሚሊ ሊንክ በሚባለው የጉግል የወላጆች መቆጣጠሪያ መክፈት አለበት። ዓመት አስጨምሮ መክፈት አያስለምዷቸው።

ወደ ሰነዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ሁሉን ነገር ላስተምር ካሉ ዓመቱ ያልቃል። እኔ ቢሆን ከሁሉ በፊት ሴቭ ማድረግን አስለምዳለሁ። ገና አንድ ቃል ሳይጻፍ ፋይሉ ስም ያግኝ፤ «8ቢ ኅብረተሰብ» ብሎ የልጁን ስም ማስከተል ይበቃል። ከዚያ በየአንቀጹ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ መጫን። መብራት የሚሄድበት አገር ላይ ይሄ ልማድ የአንድ ሰዓት ሥራ ያድናል። ርዕስን መሀል ለማድረግ ስፔስ እየደጋገሙ መግፋት የሁሉም ልጅ ልማድ ነው፤ ፎንቱ ትንሽ ሲቀየር ሁሉም ነገር ይንሻፈፋል። መሀል የሚያደርገውን ቁልፍ ያሳዩአቸው። ሲሳሳቱ ደግሞ ኮንትሮልና ዜድ እንደሚመልስላቸው ካወቁ ኪቦርዱን መፍራት ያቆማሉ።

የአማርኛ ፎንት ነገር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ግን በአሮጌ ፎንት የሚጻፍባቸው ኮምፒውተሮች አሁንም አሉ። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዝረከረከበት ገጽ ይሆናል። ልጁ ጽፏል፣ እርስዎ ግን ማንበብ አይችሉም። ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን የዩኒኮድ ፎንቶች ይጠቀሙ፣ ሲልኩ ደግሞ በፒዲኤፍ ይሁን። ዎርድ ከሌለ ሊብረኦፊስ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም በነፃ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

አላላኩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፋይሉን ማያያዝ፣ ቀጥሎ መጻፍ፣ የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ማስገባት። እንዲህ ከሆነ ባዶ ኢሜይል አምልጦ አይሄድም። ጂሜይል በአንድ ኢሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያስልክም፤ በስልክ የተነሳ የደብተር ፎቶ ሲበዛ ቶሎ ይሞላል። ሲጨርሱ ሳይን አውት አድርገው ይነሱ፣ በተለይ ኢንተርኔት ቤት ከሆኑ።

ኮምፒውተሩ ጥቂት ከሆነ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ከመላኩ በፊት ይፈትሽ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። የሚፈትሸው ልጅ ነው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የሚማረው።

እርስዎም መልስ ይጻፉላቸው። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ነገ እናየዋለን።» የተበላሸውንም ዝም አይበሉት፤ ምን እንደጎደለ ጽፈው ይመልሱለትና አስተካክሎ ይላክ፣ ማርኩንም ያኔ ይስጡት። ቀጥሎ ልጆቹ ለርዕሰ መምህሩ እውነተኛ ጥያቄ ይጻፉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈትልን የሚል ሊሆን ይችላል። ርዕሰ መምህሩ እንዲመልሱላቸው አስቀድመው ይንገሯቸው።